ፈታይና ሸማኔ፦ የፕሮሰሰርና የግራፊክስ ካርድ ጥምረት ከመገናኛ እስከ እንጦጦ

በኮምፒውተር ጌም ስክሪኑ ላይ የሚሮጠው፣ የሚነዳውና የሚተኮሰው ሁሉ ተከታትለው የሚታዩ ቋሚ ሥዕሎች ድምር ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ፍሬም እንደሚታይ የጨዋታውን ልስላሴ ይወስናል። በሰከንድ 30 ፍሬም የሚያወጣ ማሽን ለአንዱ ሥዕል 33.3 ሚሊሰከንድ አለው፤ ለ60 ፍሬም 16.7 ብቻ ይቀረዋል፤ ለ144 ደግሞ 7 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚህች ቅጽበት ሁለት ዕቃዎች ሥራ ይካፈላሉ። ፕሮሰሰሩ ኳሷ የት እንደደረሰች፣ ተከላካዩ ወዴት እንደዞረ፣ መኪናው ግድግዳውን ነክቶ እንደሆነ ያሰላና ምን መሣል እንዳለበት ትእዛዝ ያዘጋጃል። ግራፊክስ ካርዱ ትእዛዙን ተቀብሎ ቅርጹን፣ ቀለሙን፣ ጥላውንና ብርሃኑን በየፒክስሉ ይሥላል።

የሁለቱን ግንኙነት ለመረዳት ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ የሽመና ሥራ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ፈታይዋ ጥጡን በእንዝርት ትፈትላለች፤ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን እየወረወረ ይሠራል። ፈትል ካልደረሰለት ፈጣኑ ሸማኔ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል፤ ፈትሉ እንደ ተራራ ቢከመርም ሸማኔው ከእጁ ፍጥነት በላይ አያመርትም። የቀኑን ምርት የሚወስነው ከሁለቱ የዘገየው ነው። ምሳሌው ከዚህም ይዘልቃል፦ የቀሚሱ ጥለት ሰፊና ባለብዙ ቀለም ሲሆን የሚደክመው ሸማኔው እንጂ ፈታይዋ አይደለችም። የሥዕሉ ሪዞሉሽን፣ ማለትም የፒክስሉ ብዛት፣ ከፍ ሲልም እንዲሁ ነው፤ ካርዱን ያስጨንቃል፣ ፕሮሰሰሩን ግን እምብዛም አይነካም።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ለአንድ ፍሬም ፕሮሰሰሩ 12፣ ካርዱ 20 ሚሊሰከንድ የሚወስዱበት ማሽን በሰከንድ 50 ፍሬም ያወጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ጊዜያቸው አይደመርም፤ የሚቆጠረው የረዘመው ነው። ካርዱ ሥራውን በ8 ሚሊሰከንድ በሚጨርስ ሌላ ካርድ ቢለወጥ ባለቤቱ 125 ፍሬም ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን 83 ነው፤ ገደቡ አሁን የፕሮሰሰሩ 12 ሚሊሰከንድ ሆኗልና። ከዚያ ወዲያ የካርዱ ዋጋ እጥፍ ቢሆን አንዲት ፍሬም አትጨምርም። ገንዘቡ ሥራ ለሚፈታ ሸማኔ የተከፈለ ይሆናል።

ለዚህ ገደብ ምስክር የሚሆን ዕቃ በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ በየሰፈሩ አለ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ልጆች ተራ ይዘው የሚጫወቱባቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች የጥምረቱን ታሪክ በጠረጴዛ ላይ ይዘዋል። ፕሌይስቴሽን 4 እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተጨመረባቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲወጣ ፕሮሰሰሩ ስምንት ኮር (የስሌት ክፍል) ቢኖረውም ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ብቻ ነበር። በ2016 የመጣው ፕሮ የተባለው ሞዴል የግራፊክስ አቅሙን ከ1.84 ወደ 4.2 ቴራፍሎፕስ፣ ከእጥፍ በላይ አሳደገ፤ ፕሮሰሰሩ ግን 2.1 ጊጋኸርዝ ላይ ቆመ። የእግር ኳስ ጌሞች ከመጀመሪያውም በ60 ፍሬም የሚሄዱ ስለነበሩ ለውጡ አልተሰማቸውም። በ30 ፍሬም የተሠሩት ትልልቅ ጌሞች ግን በአብዛኛው ሥዕላቸው ጠራ እንጂ ከ30 አልወጡም። ነገሩ የተለወጠው በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 3.5 ጊጋኸርዝ የሚደርስና በዓይነቱም እጅግ የጠነከረ ፕሮሰሰር ይዞ ሲመጣ ነው። ሸማኔው ብቻ ተለውጦ ያልመጣው ለውጥ ፈታይዋ ስትለወጥ መጣ።

በፕሌይስቴሽን ጥምረቱን የሚወስነው ፋብሪካው ነው። በኮምፒውተር ግን የሚወስነው ገዢው ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው የገዢው ኪስ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን 74 ብር አለፈ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ100 ብር በላይ ሆነ። በውጭ ገበያ 249 ዶላር የሚጠየቅበት ካርድ በቀድሞው ምንዛሪ 14,200 ብር ያህል ነበር፤ በ100 ብር ሲሰላ 24,900 ይሆናል፤ ይህም ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር ነው። አዲስ ማሽን መገጣጠም ከብዙ ወጣት አቅም በላይ ሲሆን ዓይን የሚዞረው ወደ ያገለገለ ዕቃ ነው።

በመገናኛ ዙሪያ ባሉ የኮምፒውተር ሱቆች ተደርድረው የሚታዩት ጥቋቁር የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሣጥኖች የዚህ ፍላጎት መልስ ናቸው። በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግለው የወጡ፣ ጠንካራና ርካሽ ማሽኖች ናቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛ ትውልድ በፊት የነበሩትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ለመቀበል እምቢ ማለቱ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ከየመሥሪያ ቤቱ በብዛት እንዲወጡ የሚገፋ ነው። በካርዱ በኩልም ተመሳሳይ ነገር ተከስቷል። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ቀይሮ በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ተራገፉ። የመገናኛው ጌመር ኮምፒውተር የሚወለደው እንግዲህ ከቢሮ ከተሰናበተ ሣጥንና ከዲጂታል ገንዘብ ምርት ከተሰናበተ ካርድ ጋብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በከተማው የሱቅ ቋንቋ «ሲፒዩ» የሚባለው ሣጥኑ በሙሉ ነው። «ሲፒዩው ጎበዝ ነው» ሲባል ስለ ፕሮሰሰሩ የተነገረ ነገር የለም፤ ሻጩ ስለ ራም ወይም ስለ ሃርድ ዲስክ ይሆናል የሚያወራው። «ላግ ያደርጋል» የሚለውም እንዲሁ ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው የኔትወርክ መዘግየት ነው፤ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ሲሆን ትእዛዙ ደርሶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሥዕሉ ይለሰልሳል፣ ተጫዋቹ ግን ወደ ኋላ ይጎተታል። ሁለተኛው የፍሬም ማነስ ነው፤ ሥዕሉ ራሱ ይቆራረጣል። የመጀመሪያውን ምንም ዓይነት ካርድ አያድነውም፤ ለሁለተኛውም የኢንተርኔት ፓኬጅ መለወጥ ፋይዳ የለውም። ሁለቱን ሳይለዩ ብር ማውጣት በሽታውን ሳይለዩ መድኃኒት እንደመግዛት ነው።

ከእነዚህ ሣጥኖች አንዱ ጎኑ ተከፍቶ ይታይ። በመሃል ኢንቴል በ2013 ያወጣው ኮር አይ5-4570 አለ፤ አራት ኮር፣ አራት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄድ የሥራ መስመር)፣ ፍጥነቱ 3.2 ጊጋኸርዝ ሆኖ ሲገፋ እስከ 3.6 የሚደርስ። ከጥግ ያለው ፓወር ሳፕላይ እንደ ሞዴሉ ከ180 እስከ 320 ዋት ይሰጣል። ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ገመድ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው የራሱ ዓይነት ስለሆነ ከገበያ ተገዝቶ የሚተካ ሌላ ፓወር ሳፕላይ ያለ አስማሚ አይሰካም። ለግራፊክስ ካርድ ተብሎ የወጣ ተጨማሪ ገመድ በአብዛኞቹ የለም። ስለዚህ ካርዱ የሚያገኘው ኃይል ማስገቢያው ራሱ የሚሰጠው 75 ዋት ብቻ ይሆናል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650ና በ2024 የመጣው ባለ6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 በእነዚህ ሣጥኖች ዘንድ ተፈላጊ የሆኑት ለዚህ ነው፤ ብዙዎቹ ሞዴሎቻቸው ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራሉ። ሣጥኑ ቀጭኑ ሞዴል ከሆነ ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ካልተገኘ ክዳኑ አይገጥምም። ጥምረት ማለት እንግዲህ የፍጥነት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የዋት፣ የገመድና የቁመት ጉዳይ ነው።

ይህ ጋብቻ በየጌሙ የተለያየ ጠባይ ያሳያል። ጂቲኤ 5 በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ አሳታሚው የመከረው ፕሮሰሰር ኮር አይ5-3470፣ ካርዱ ደግሞ ባለ2 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 660 ነበር፤ ከላይ የተገለጸው ማሽን ከዚህ አይወርድም፣ ጌሙም በደንብ ይሠራበታል። ከ2023 ወዲህ የቀድሞውን የተካው ካውንተር ስትራይክ 2 ግን ሌላ ነው። በእንዲህ ያለ የተኩስ ውድድር ተጫዋቹ ጥላና ጌጡን ሆን ብሎ ዝቅ ያደርጋል፤ የሚፈልገው ፍሬም ነው። ጌጡ ሲቀነስ የካርዱ ሸክም ይቀልና ገደቡ ወደ አራቱ ኮሮች ይሄዳል። ቫሎራንትም በዚሁ መንገድ ከካርድ ይልቅ ፕሮሰሰር የሚያይ ጌም ነው። እንደ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ባለ ጥላው በበዛ ጌም ግን 1050 ቲአይ ቀድሞ ይደክማል፤ ፕሮሰሰሩ ይጠብቃል። ስለዚህ «ይህ ፕሮሰሰር ለዚህ ካርድ ይበቃል ወይ» የሚለው ጥያቄ የጌሙ ስም ካልተጨመረበት መልስ የለውም።

ሌላው የሚረሳው ነገር ሞኒተሩ ነው፤ በአዲስ አበባ ሁኔታ ደግሞ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው እሱ ነው። የውጭ አገር ገምጋሚዎች ካርዶችን የሚመዝኑት በ1920 በ1080 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ሪዞሉሽን ነው። 1920 በ1080 ወደ 2.07 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ ፎር ኬ የሚባለው 3840 በ2160 የዚህ አራት እጥፍ፣ 8.29 ሚሊዮን ነው። ከቢሮ ሣጥን ጋር አብሮ የሚሸጠው ያገለገለ ሞኒተር ግን ብዙ ጊዜ 1366 በ768 ወይም 1280 በ1024 ነው፤ የመጀመሪያው 1.05 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 1.31 ሚሊዮን ፒክስል ብቻ ይዟል። ጥለቱ ግማሽ ያህል ጠበበ ማለት ነው። በ1080 የተመዘነ ካርድ እዚህ ሲገባ ሸክሙ ስለሚቀል የፕሮሰሰሩ ድካም ከግምገማው ይልቅ ቶሎ ይገለጣል። ከዚህ በላይ የቢሮ ሞኒተር በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ሥዕሉን ስለሚያድስ ማሽኑ 110 ፍሬም ቢያወጣ ዓይን የሚያገኘው 60 ነው፤ ትርፉ የእጅና የስክሪን መዘግየትን በጥቂቱ ከማሳጠር ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። አነስተኛ ሞኒተር ያለው ሰው ከፍተኛ ካርድ ሲገዛ የሚከፍለው ለማያየው ነገር ነው። በዚህ ከተማ የጌመር ገንዘብ በብዛት የሚባክነው በዚህ ስሌት ይመስላል፤ የሚያሳዝነውም ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የወራት ቁጠባ መሆኑ ነው።

አማካይ ፍሬም ብቻ ማየትም ያሳስታል። በአማካይ 70 ፍሬም የሚያወጣ ማሽን በየጥቂት ሰከንዱ አንዲት ፍሬም 80 ሚሊሰከንድ ቢወስድበት ተጫዋቹ «ስታክ ያደርጋል» ይላል፤ ልክ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ መዛኞች ከሁሉ የዘገዩትን 1 በመቶ ፍሬሞች ለብቻ ይመዘግባሉ። አራት ትሬድ ያላቸው አሮጌ ፕሮሰሰሮች ጉዳታቸው የሚታየው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ጌሙ አራቱንም ኮር ሲይዝ ዊንዶውስ አፕዴት ሊያወርድ ቢነሳ፣ ብሮውዘር ከኋላ ክፍት ቢሆን፣ ፀረ ቫይረሱ ፋይል መመርመር ቢጀምር የሚካፈሉት ያንኑ አራት ኮር ነው። አማካዩ ሳይወርድ ቁርጥርጡ ይበዛል። በ2022 የወጣው ርካሹ ኮር አይ3-12100 ኮሩ አራት ሆኖ ትሬዱ ስምንት በመሆኑና እያንዳንዱ ኮር ከ2013ቱ እጅግ የፈጠነ በመሆኑ በዚህ ረገድ የሚሰጠው እፎይታ ስሙ ከሚያስገምተው በላይ ነው።

የፕሮሰሰር ፍጥነት በጊጋኸርዝ ብቻ እንደማይለካ ያሳየው ደግሞ ካሽ ሜሞሪ የሚባለው የፕሮሰሰሩ የቅርብ ማከማቻ ነው። ኤኤምዲ በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ከወንድሙ ከ5800ኤክስ በሰዓት ፍጥነት ያንሳል፤ ነገር ግን በላዩ የተነባበረ ካሽ ስላለው 32 ሜጋባይት የነበረው ወደ 96 አድጓል። በጌም ታናሹ ታላቁን በግልጽ በለጠ። ፈታይዋ ጥጥ ፍለጋ ከቤት መውጣቷ ቀርቶ ከጎኗ ስለተቀመጠላት ነው። የራም ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በመገናኛ ሣጥን ውስጥ አንድ ባለ8 ጊጋባይት ራም ብቻ ተሰክቶ መገኘት የተለመደ ነው። ዲዲአር3-1600 ነጠላ ሲሆን በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ ሁለት ሆኖ በትክክለኛው ማስገቢያ ሲሰካ 25.6። ካርድ ለሌለውና በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ለሚጫወት ሰው ይህ ልዩነት ከማንኛውም ነገር በፊት ይመጣል፤ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል ፍሬም የሚጨምር ሌላ ዕቃ የለም።

አሮጌ ፕሮሰሰርን ከአዲስ ካርድ ጋር ማጋባት ያለውን አደጋ በቅርቡ በጉልህ ያሳየው ኢንቴል በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው አርክ ቢ580 ነው። 12 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 249 ዶላር ዋጋ፤ በመጀመሪያዎቹ ግምገማዎች የኤንቪዲያን አርቲኤክስ 4060 በብዙ ጌም እየቀደመ ተመሰገነ። ግምገማዎቹ ግን የተሠሩት እንደ ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ ባሉ፣ ከካርዱ ዋጋ በላይ በሚያወጡ ፕሮሰሰሮች ነበር። በጥር 2025 መጀመሪያ የወጡ ገለልተኛ ፍተሻዎች ካርዱን እንደ ራይዘን 5 2600 ካሉ ፕሮሰሰሮች ጋር ሲያገናኙት ፍሬሙ ከተጠበቀው በላይ ወደቀ፤ በበርካታ ጌሞችም 4060 መልሶ ቀደመው። ብዙም ባላረጀው ራይዘን 5 5600 ላይ እንኳ መውደቁ ታየ። ምክንያቱ የድራይቨሩ ሸክም ነው፤ ድራይቨር የጌሙን ትእዛዝ ወደ ካርዱ ቋንቋ የሚተረጉም ሶፍትዌር ሆኖ የሚሠራው በፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ትርጉሙ ከባድ ሲሆን ፈታይዋ ላይ ሌላ ሥራ ተጨመረ ማለት ነው። ይህ ነገር በኢንቴል ብቻ የተወሰነ አይደለም። በዳይሬክትኤክስ 12 የኤንቪዲያ ድራይቨር ከኤኤምዲ ይልቅ ፕሮሰሰር የሚያደክምበት ጊዜ አለ፤ በዳይሬክትኤክስ 11 ደግሞ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ለድሀ ማሽን የተሠራ የሚመስል ርካሽ ካርድ በተግባር ሀብታም ፕሮሰሰር የሚፈልግ ሆኖ መገኘቱ ግን ትልቅ ትምህርት ነው፤ ይህን ካርድ በዋጋው ብቻ የሚመርጠው አሮጌ ማሽን ያለው ሰው ነውና።

የመንገዱ ስፋት ሌላ ወጥመድ ነው። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚገናኙት ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባል መስመር ነው። ኤኤምዲ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ከተለመዱት 16 መስመሮች አራቱን ብቻ ይጠቀማል፤ ሜሞሪውም 4 ጊጋባይት ነው። በፒሲአይ ኤክስፕረስ አራተኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ይህ ይቻላል። በሦስተኛው ትውልድ ላይ ግን የመስመሩ አቅም በግማሽ ስለሚወርድ ሜሞሪው ሲሞላ ፍሬሙ ይንኮታኮታል። ከቢሮ የወጡት ሣጥኖች ደግሞ ሦስተኛ ትውልድ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ሁለተኛ። ስለዚህ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ዕድሜው ትንሽ የሆነ ካርድ ሁሉ ለአሮጌ ሣጥን የተሻለ አይደለም።

የአዲስ አበባ ልዩ ነገር ከፍታው ነው፤ ይህንንም የትኛውም የውጭ ግምገማ አይነግርም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የእንጦጦ ጋራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይዘላል። በከተማው ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም ለዚህ ነው። እንጦጦ ላይ ሽንብራ ለመቀቀል የሞከረ ሁሉ ይህን በማገዶው ያውቀዋል። የኮምፒውተር ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ነው፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው አየር ግን ሩብ ያህል ቀንሷል፤ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና አየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር ለኮምፒውተር ማዕከላት ያወጣው መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ስሌት መገናኛ 5 ዲግሪ፣ የእንጦጦ አናት 7 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያጣል። ለብዙ ዕቃዎች አምራቾች የሚጽፉት የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ነው፤ የእንጦጦን ጋራ የሚወጣ ሰው ይህን ወሰን በእግሩ ያልፈዋል። ከቻይና በሚመጡ አንዳንድ ፓወር ሳፕላዮች ላይ የሚታየው የ2000 ሜትር ምልክትም ጌጥ አይደለም። ዕቃው የተመረመረው ከዚያ በታች ላለ ቦታ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ስስ አየር ለኤሌክትሪክ ብልጭታ የበለጠ ስለሚመች ነው።

ይህ ከፍሬም ጋር ምን ያገናኘዋል? የዛሬ ካርድ ፍጥነቱን በሙቀቱ ይቆርጣል። የኤንቪዲያ ካርዶች ሲሞቁ ፍጥነታቸውን በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹ 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ በግልጽ ይገታሉ። በባሕር ዳርቻ ከክፍሉ አየር በ50 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት የሚኖረው ካርድ መገናኛ ላይ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ቢጨምር አይገርምም። ደግነቱ ከፍታው የወሰደውን የአየሩ ቅዝቃዜ በከፊል ይመልሳል፤ የከተማው ሌሊት 10 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ማሽኑ ይተነፍሳል። አየሩ የማይመልሰው አቧራውን ነው። የበጋ አቧራ የማቀዝቀዣውን ብረት እንደ ሱፍ ሲሸፍነው፣ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ለአሥር ዓመት ደርቆ ሲቀመጥ፣ ስሱ አየር ሲጨመርበት፣ ጥሩ ጥምረት የነበረው ማሽን ከሃያ ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ሌላ ማሽን ይሆናል። ዕቃ ሳይገዛ ፍሬም የሚጨምረው ብሩሽና አዲስ ቅባት ነው።

በላፕቶፕ ይህ ችግር ይጠነክራል። በዴስክቶፕ ፕሮሰሰሩና ካርዱ የየራሳቸው ማቀዝቀዣ አላቸው፤ በላፕቶፕ ግን ብዙ ጊዜ አንድ የመዳብ ቱቦና አንድ የኃይል በጀት ይካፈላሉ። ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ ካርዱም አብሮ ይሞቃል፤ አንዱ ዋት ሲወስድ ለሌላው ይቀንሳል። ጉልበተኛ ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ አንዳንዴ ደከም ያለ ፕሮሰሰር ካለው በታች ፍሬም የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍሬሙን በ60 ላይ መገደብም ሁለቱንም ያሳርፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ወሰን ይመጣል። ባትሪው ቻርጀሩ የሚሰጠውን ያህል ኃይል በአንድ ጊዜ መስጠት ስለማይችል ካርዱ ይቆረጣል፤ በአንዳንድ ላፕቶፖችም ጌሙ ወዲያው ወደ 30 ፍሬም ይወርዳል። ተጫዋቹ ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የተለወጠው ግን የኃይሉ ምንጭ ብቻ ነው። በዴስክቶፕ በኩል ባለ650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚሸከመው በአብዛኛው ከ400 ዋት በታች መሆኑ መታወስ አለበት፤ ትልቅ ካርድ ሲጨመር ሣጥኑ ብቻ ሳይሆን ዩፒኤሱም የጥምረቱ አካል ይሆናል።

ከሶፍትዌር የሚመጡት መፍትሔዎችም የሚረዱት አንዱን ወገን ብቻ ነው። ኤኤምዲ በ2021 የጀመረው ኤፍኤስአርና የኤንቪዲያው ዲኤልኤስኤስ ሥዕሉን በትንሹ ሠርተው ያሰፉታል፤ የካርዱን ሸክም ይቀንሳሉ። የኤፍኤስአር ቀደምት ሥሪቶች በአሮጌ ካርዶችም ላይ ስለሚሠሩ ለ1050 ቲአይ ባለቤት ትልቅ ስጦታ ናቸው። ገደቡ ፕሮሰሰሩ ከሆነ ግን ምንም አይጨምሩም፤ ሸማኔውን ያፈጥናሉ እንጂ አይፈትሉም። በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል የተሠራ ፍሬም የሚያስገቡት ዘዴዎች ፕሮሰሰሩን አልፈው የሚታየውን ቁጥር ያበዛሉ፤ ነገር ግን የተጫዋቹን ትእዛዝ የሚቀበሉት እውነተኞቹ ፍሬሞች ብቻ ስለሆኑ በ30 ላይ ያለ ጌም 60 መስሎ ቢታይም በእጅ ላይ የ30 ክብደቱ ይቀራል።

የትኛው ወገን እንደዘገየ ለማወቅ ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጌሙ ተከፍቶ፣ ሥራውን በመቶኛ የሚያሳይ መለኪያ ስክሪኑ ጥግ ላይ ይደረጋል። ካርዱ 97 ወይም 99 በመቶ ላይ ከተቀመጠ ገደቡ እሱ ነው። ካርዱ 60 በመቶ ላይ ሆኖ ፍሬሙ ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ መቶኛ 50 ቢያሳይም አያታልል፤ አንዱ ኮር ሞልቶ ሌሎቹ ሥራ ፈተው ሊሆን ይችላልና እያንዳንዱ ኮር ለብቻ መታየት አለበት። ማረጋገጫው ሪዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 ማውረድ ነው። ፍሬሙ ከዘለለ ካርዱ እፎይ ብሏል፤ የሚለወጠውም እሱ ነው። ፍሬሙ ካልተነቃነቀ በካርድ ላይ የሚወጣ ብር በሙሉ ከንቱ ነው። ያን ጊዜ ለአሮጌው ኦፕቲፕሌክስ የሚቀርበው መፍትሔ ከካርድ መደርደሪያው ላይ አይደለም። ኮር አይ5-4570 የተቀመጠበት ሶኬት ኮር አይ7-4770ንም ይቀበላል፤ ያው አራት ኮር ነው፣ ትሬዱ ግን ስምንት። ከሌላ ያረጀ ሣጥን የወጣ አንድ እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር፣ ሁለተኛ ራምና ትኩስ ቅባት፣ ከአዲስ ካርድ ዋጋ በጥቂቱ ያንኑ ጌም ሳይቆራረጥ ሊያስኬዱት ይችላሉ።